የእትዬ ቆይ ጓንት

አክስቴ ውሃ እስኪፈላ መታገስ ለምን እንደማትችል ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም። የማንቆርቆሪያውን ክዳን ሦስቴ ትከፍታለች፣ ምድጃውን ትሰድባለች፣ በመጨረሻም ለብ ባለ ውሃ ሻይዋን ጠጥታ ትወጣለች። ይህችው ሴት ፋብሪካ ስትገባ ግን ቀኑን ሙሉ ካንድ ማሽን ፊት ንቅንቅ አትልም። የሥራ ባልደረቦቿ «እትዬ ቆይ» ይሏታል፤ ሰው መቆጣጠሪያውን ሊነካ እጁን በሰደደ ቁጥር «ቆይ» ስለምትል። እቤት ይህን ቃል ከአፏ ሰምተን አናውቅም።

ሥራዋ ለክር ቆዳ ማልበስ ነው። ክሩ ከካርቦን የተሠራ፣ ከጸጉር የቀጠነ ነው። ብዙ ሙቀት ይችላል፤ አየር ባለበት ከጋለ ግን ተቃጥሎ ያልቃል። ስለዚህ ከጥቅሉ እየተተረተረ፣ አየር በማይገባበት የጋለ ቱቦ ውስጥ ቀስ ብሎ ያልፋል። ቱቦው ውስጥ የሚለቀቀው ጋዝ በሙቀቱ ይፈርስና ክሩ ላይ ስስ የሴራሚክ ቆዳ ይተዋል። አንድ ቀን «እንደ ጤዛ ማለት ነዋ» ብላት፣ «ጤዛ በብርድ ነው የሚያርፈው፣ የኔው በእሳት። አርፈህ መጽሐፍህን አንብብ» አለችኝ።

ያን ማሽን ያገኘችው ማሸጊያ ክፍል ዓመታት ካሳለፈች በኋላ ነው። ባለፈው ወር ግን ቆዳው እዚህም እዚያም ይላጥ ጀመር፤ ክሩን ለፈተና አየር ላይ ሲያግሉት በተላጠው በኩል እየተበላ ይበጠሳል። አለቃዋ አንድ ሙከራ ሰጣት። እሱም ከተላጠ ማሽኑን ለሌላ ሰው አስረክባ ወደ ማሸጊያ ትመለሳለች።

እንቅልፍ አጣች። ጋዙን ጠረጠረች፣ ሙቀቱን ጠረጠረች፣ ክሩን የላከውን ድርጅት ጠረጠረች። ባሏን ግን አልጠረጠረችም።

ባሏ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ከመሪው ከተለየ ወዲህ የቤቱን ልብስ አጠባ ተረክቦ፣ ካልሲ ሲያሰጣ እንኳ ተሳፋሪ እንደጫነ ሰው ይጠነቀቃል። የአክስቴን ነጭ የጥጥ ጓንትም እሱ ነው የሚያጥበው። የፋብሪካው ጓንት ለትንንሽ እጆቿ ስለሚሰፋት የራሷን ይዛ ትሄዳለች፤ ክሩ ወደ ቱቦው ሲገባ የተበጠሰ ካለ ለማወቅ በጣቶቿ መሀል ታሳልፈዋለች።

በሙከራው ዋዜማ፣ ምሳ ላይ፣ ባሏ ያጣጠፈውን ጓንት አቀበላት። ሥራ ላይ አፍንጫዋን ሸፍና ስለምትውል ጓንቱን አሽትታው አታውቅም። አሁን ወደ ፊቷ አስጠጋችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ነገር ምን ምን ይላል?»

«አበባ» አለ ኮራ ብሎ። «የልብስ ማለስለሻ ጨምሬበት ነው። እጅሽን እንዳይሻክርሽ ብዬ።»

«መቼ ነው የጀመርከው?»

«ወር ሆነው። እስካሁን ዝም ማለትሽ ራሱ ገርሞኛል።»

አክስቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ማለስለሻው ጓንቱ ላይ ይቀራል። ከጓንቱ ወደ ክሩ ይጋባል። ቅባት በነካው ክር ላይ ደግሞ የኔ ሴራሚክ አይዝም።»

«እኔ እኮ ላንቺው ብዬ ነው።»

«ለኔ ብለህ ማሸጊያ ክፍል ልትከተኝ ነበር» አለችና ሳቋ አመለጣት።

እሱ ግን አልሳቀም። ሰፍቷት እቤት ያስቀመጠችውን ያልተነካ የፋብሪካ ጓንት አውጥቶ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ በእጇ ልክ እያጠበበ ሲሰፋ ዋለ። ስፌቱ ጠመዝማዛ መንገድ ይመስላል። «እንዳነዳድህ ነው የሰፋኸው» አለችውና ይዛው ለሌሊት ፈረቃ ወጣች።

በማግስቱ የመጣችው ፈተናው ካለቀ በኋላ ነው። እኔና ባሏ በሩ ላይ ነበርን።

«አልተላጠም» አለች። «ማሽኑ እኔው ጋ ይቆያል።»

ባሏ፣ «ስለ ማለስለሻው ለአለቃሽ ነገርሽው?» አላት።

«ነገርኩት።»

«ምን አለ?»

«ለሸሚዙ ፈልጎ፣ የት እንደምትገዛው ጠየቀኝ።»

ባሏ የሱቁን አድራሻ ሊጽፍለት ወረቀት ፍለጋ ጓዳ ገባ። ሲመለስ አክስቴ ከነጫማዋ ሶፋው ላይ ተጋድማ ነበር። ጫማዋን ቀስ ብሎ አወለቀላት፣ እኔ መጋረጃውን ዘጋሁ። ከዚያ ሁሉ ሌሊት በኋላ እንቅልፍ የወሰዳት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ነው።