ለእጢ ሽማግሌ ላክሁ

በዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ካናዳ፣ ማርልቦሮ የሚባል ሰፈር፣ አንድ ቤዝመንት የሚሉት ምድር ቤት ተከራይተን ስንኖር፣ ሚስቴ መስኮት መክፈት ጀመረች። ወሩ ጥር ነው፤ ውጭ የተተፋ ምራቅ መሬት ሳይደርስ ጠጠር ይሆናል። እሷ ግን "ታፈንኩ!" ትላለች። እኔ ጋቢ ላይ ካፖርት፣ ካፖርት ላይ ብርድ ልብስ ደርቤ እራቴን እበላለሁ። እሷ የሦስት ሰው ትበላና እንደ ክር ትቀጥናለች። እንቅልፍ የላትም፤ ብርጭቆ ስታነሳ እጇ ይንቀጠቀጣል። ቁጣዋማ አይወራ! ማንኪያ ከእጄ ከወደቀ እስከ ሰባት ቤቴ ትዘልፈኛለች።

"ከሥራ ትገባለህ፣ ሶፋው ላይ ትዘረጋለህ። እኔስ ከሽርሽር ነው የመጣሁት? አንድ ቀን 'ምን ሆንሽ' ብለኸኛል?"

አላልኳትም። ሽማግሌ ጠራሁ። ትዳር ሲታመም እኛ የምናውቀው ሐኪም እሱ ነዋ።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ። የአንዱ ጢም ላይ በረዶ ተንጠልጥሎ ነበር ብል ማን ይከሰኛል?

"ስሚ ልጄ" አሉ ታላቁ፣ "ካናዳ የገባች ሴት ሁሉ ባሏን መናቅ ለምዳለች። አንቺ ታገሺ። ጸበልም ተጠመቂ።"

"ጋሼ፣ ቁጭ ባልኩበት ልቤ ዳገት እንደወጣ ሰው ይመታል እኮ!"

"ንዴት ነዋ! ንዴቱን ተይው።"

እኔም ከጎናቸው ሆኜ "ልክ ነው" ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። በዚያው ሳምንት ሻንጣዋን ይዛ ካስልሪጅ የሚባል ሌላ ሰፈር፣ ጓደኛዋ ቤት ገባች።

ሐኪም ቤት የወሰደቻት ያቺው ጓደኛዋ ናት። ደሟ ሲመረመር ለካስ አንገቷ ውስጥ ያለችው እጢ፣ ታይሮይድ የሚሏት፣ ሆርሞን ያለ ልክ ትረጫለች! ከበሽታ ሊጠብቃት የተቀመጠው የገዛ ሰውነቷ ዘበኛ ነው አሉ ተሳስቶ እጢዋን የሚጎነትላት። ሙቀቱም፣ ረሃቡም፣ ቁጣውም የዚያች ጉድ ሥራ ነበር።

ደስታዬን አትጠይቁኝ! ጥፋቱ የእጢ እንጂ የኔ አይደለም ማለት ነው። መድኃኒቱ ሥራውን እስኪሠራ ወራት ጠብቄ፣ አበባ ይዤ ሄድኩ። ሥጋ ለብሳለች። ሻይ ስትቀዳልኝ አንድ ጠብታ አልፈሰሰም።

"በቃ፣ ጥላኝ የሄደችው እጢሽ ናት። አንቺ ተመለሺ" አልኳት እየሳቅሁ።

አልሳቀችም። አልተቆጣችምም፤ እኔን የገደለኝ እሱ ነው።

"ያስጮኸችኝ እጢዬ ናት፣ እውነት ነው" አለች ቀስ ብላ። "የጮህኩት ነገር ግን የራሴ ነበር። አሁን ሳልጮህ ልንገርህ?"

ያንኑ፣ አንድ ቀን 'ምን ሆንሽ' አለማለቴን፣ በለሆሳስ ነገረችኝ። ሽማግሌ እንዳልልክ፣ መስኮቱ ዝግ ነው። ምን ብዬ ልክሰሳት?