የበቀለው ፌጦ

ወደ ሶደሬ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ሆዳቸውን ሲቆርጣቸው ከቦርሳቸው ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ አውጥተው ክዳኑን ከፈቱና፣ በሎሚ የተበጠበጠ ፌጦ ሽታ አፍንጫዬን ሰንጎ ያዘው። ሌላው ተሳፋሪ መስኮት ሲከፍት እኔ ትንፋሼን ውጬ ናዝሬት ያለው የልጅነት ቤታችን ውስጥ ገብቼ ነበር፤ ያ ሽታ ለእኔ የሆድ መድኃኒት ሽታ ሆኖ አያውቅም፣ የፍርሃት ሽታ ነው።

እናቴ የአርሲ ነገሌ ልጅ ነበረች። እህል ነጋዴ ወደነበሩት አባቷ ቤት በሄደች ቁጥር ስንዴ ሳትይዝ ልትመለስ ትችላለች፣ ፌጦ ሳትይዝ ግን አትመለስም ነበር። ለቡዳ ፌጦ፣ ለድንጋጤ ፌጦ፣ ለእባብም ፌጦ ነበር። ክረምት ሲገባ በደጃፋችን ትበትነዋለች፣ ሠርግ ስንጠራ በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥረዋለች፣ እኔ ለፈተና ስሄድ ካልሲዬ ውስጥ ትጨምርልኝና እግሬን ሲቆረቁረኝ ይውል ነበር። ከእጅ ወደ እጅ አይቀባበሉትም፣ አንዱ መሬት ያስቀምጣል፣ ሌላው ያነሣል። የሒሳብ አስተማሪ የነበረው አባቴ፣ «የናዝሬት ቡዳ ሁሉ ፌጦሽን ፈርቶ ሞጆ ገባ» እያለ ይቀልድባት ነበር።

ቀልዱን ያቆመው ከእኔ በታች የተወለደው ወንድሜ የሞተ ጊዜ ነው። ገና ዳዴ ሳይል፣ በጥር ፀሐይ፣ ሁለት ቀን አተኩሶት ሞተ። እማዬ አንዲት መንገደኛ አጥር ላይ ቆማ «ሲያምር!» ብላ፣ ቱፍ ቱፍ እንኳ ሳትል ስላለፈች ነው ትል ነበር፤ አባባም ከዚያ ወዲህ ስለ ፌጦ አንድም ቀን አልቀለደም።

ሌላ ወንድ ልጅ ሲወለድ ክረምቱ እየገባ ነበር፣ ስሙንም ምትኩ አሉት። እማዬ ዓይን እንዳይገባበት ቀሚስ አልብሳ «አንቺ» እያለች ትጠራው ነበር፣ ሰው ሲመጣም ፊቱን ጥላሸት ትቀባዋለች። ከሁሉ በላይ ግን ከቀይ ጨርቅ አውራ ጣት የምታህል ከረጢት ሰፍታ፣ ፌጦ ሞልታ አንገቱ ላይ አሰረችለት። ዓመት እስኪሞላው አይፈታም፣ አይነካምም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ሳላስቀምጥ እሷን ከረጢት አያት ነበር፤ ካላየኋት ምሳ አይወርድልኝም። በሰባት ዓመቴ እንዲህ ያለ ሥጋት ለምን እንደተሸከምኩ የጠየቀኝ የለም፣ ቤቱ ሁሉ ተሸክሞታልና።

መስከረም አልፎ ጥቅምት ሲገባ የክረምቱ ውሃ በየጉድጓዱ አቁሮ ቀረ፣ ሰፈሩንም ወባ ይጥለው ጀመር። ምትኩ አንድ ቀን ጠዋት እንደ ፍም ግሎ ተነሣ። እማዬ እርጥብ ጨርቅ እያፈራረቀች ከግንባሩ እስከ ደረቱ ታብሰው ነበር፣ አንገቱ ላይ ያለውን ከረጢት ግን ስለማትነካው ውሃው እዚያው ሲጠራቀም ሰነበተ። በሦስተኛው ቀን ልታጠባው ቀና ስታደርገው ጮኸች። ከረጢቱ አብጦ፣ በስፌቱ መካከል ነጫጭ ጭራዎች ወጥተው፣ ጫፋቸው ላይ ትናንሽ አረንጓዴ ቅጠል አውጥተዋል። ፌጦው በልጁ አንገት ላይ በቅሎ ነበር።

ለፌጦ ስንት ሕግ የነበራት እናቴ ለዚህ ሕግ አልነበራትም። «የልጄን ነፍስ እየጠባ ነው የሚያድገው» አለችና መሬት ላይ ተቀመጠች። ክሩን ብትበጥሰው ልጁ አብሮ ይሄድ መሰላት፣ ብትተወው ደግሞ ቅጠሉ ሲለመልም ልጁ ሊጠወልግ ነው። መድኃኒቱ የተበላሸበት ልጅ ከደጃፍ አይወጣም ስለሚባል ጤና ጣቢያ መውሰዱንም እንቢ አለች።

«ዘር ነው፣ ሴትዮ! ውሃ አገኘ፣ በቀለ፣ በቃ! አምጪው እንሂድ!» ብሎ አባባ እጁን ወደ ክሩ ሰደደ። ጣቱ ክሩ ጋ ሲደርስ ግን ቆመ። ከዚያም ቀስ ብሎ እጁን ሰበሰበ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ቢያንስ አባባ አይፈራም ብዬ እጽናና ነበር። ምትኩ ጡት ትቷል፣ ማልቀስም ትቷል፣ ሦስታችንም ዙሪያውን ሆነን እናየዋለን።

ከአጥር ማዶ ብቻቸውን የሚኖሩ አዴ ከዲጃ የሚባሉ የአርሲ ባልቴት ነበሩ፤ አዴ በኦሮምኛ የአክብሮት መጠሪያ ነው። የልጁ ልቅሶ ሲቋረጥባቸው ፍየላቸውን ትተው መጡ።

«ሕፃኑ ለምን ዝም አለ?» አሉ ገና ከበሩ።

እማዬ በአገጯ አሳየቻቸው። አዴ ከዲጃ ጎንበስ ብለው አዩና «ያ ረቢ! ሺንፋ!» አሉ፣ ፌጦን በኦሮምኛ ሲጠሩት። ልጁ አጠገብ ተቀመጡ። ከዚያ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት፣ ከረጢቱን መዳፋቸው ላይ ገለበጡት፣ «ቢስሚላህ» ብለው ያንን የሚያዳልጥ ፌጦ ከነቅጠሉ አፋቸው ከተቱት። እማዬ እጃቸውን ልትይዝ ዘለለች፣ አልደረሰችም። አዴ ከዲጃ ዓይናቸው እንባ እያቀረረ አላምጠው ዋጡት።

«በላሁት» አሉ። «እሱ ላይ የነበረው ሁሉ አሁን እኔ ሆድ ውስጥ ነው። ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ። ልጁ ላይ ምንም የለም፣ ተነሺ!»

እማዬ ልጁን አቅፋ ባዶ እግሯን ሮጠች፣ አባባ ጫማዋን ይዞ ከኋላዋ።

ወባ ነበር። መድኃኒት ተሰጠው፣ ከቀናት በኋላም ጡት ያዘ። በጋው ገብቶ ሁሉም ሲረጋጋ የእኔ ሥጋት ግን አጥር ተሻግሮ አዴ ከዲጃ ቤት ገባ። ሲያስሉ ከሰማሁ ልቤ ይወርዳል፣ በራቸው ሳይከፈት ካረፈደ እንደሞቱ ቆጥሬ አጥር ሥር ቆሜ አለቅስ ነበር። እማዬም ወተት ባፈላች ቁጥር «ለአዴ አድርሺ» ስትለኝ ዓይኗን ከእኔ ታሸሽ ነበር።

ምንም አልሆኑም። ሁለተኛ ደረጃ ከገባሁ በኋላ፣ አንድ የበልግ ቀን ፍየል ሲያልቡ አጠገባቸው ተቀምጬ ጠየቅኋቸው። ቡዳውንም ፌጦውንም ስላላመኑበት ነው የበሉት ብዬ ደምድሜ ነበር።

«አዴ፣ ያኔ አልፈሩም?»

«እንዴት አልፈራም?» አሉ እየሳቁ። «ልብሴን አጥቤ፣ ፍየሎቹን ለእህቴ ልጅ አደራ ብዬ፣ እስከ ጁምዓ ሞቴን ስጠብቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን በሉት?»

«አንድ ሰው መብላት ነበረበት። እናትሽ ልጅ ታጠባለች።»

ዛሬ እኔም እዚሁ አዳማ በተባለችው ናዝሬት፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ልጅ አሳድጋለሁ። ትንሽ ሲያተኩሰው ሙቀቱን ለክቼ፣ ባጃጅ ጠርቼ፣ ሐኪም ዘንድ ለመድረስ ሩብ ሰዓት አይፈጅብኝም፤ ስለዚህም ፈጣሪን አመሰግናለሁ። ባለፈው ሳምንት ከፊት ለፊታችን ካለው በር የሕፃን ልቅሶ ከጠዋት ጀምሮ ስሰማ ዋልኩ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጸጥ አለ። ወጥቼ በሩ ፊት ቆምኩ። የእናትየውን ስም እንኳ ስለማላውቅ ምን ብዬ እንደምጠራት ጠፋኝ፣ ሳላንኳኳ ተመለስኩ።