ሚዛን ላይ የወጣ ጉርሻ

ወዳጄ ወሰን፣ ከሰፈሩ ጋራዦች ጀርባ ባለች ምግብ ቤት ምሳ ሰዓት ላይ የማየው ሰውዬ አለ። ክንዱ የሸሚዙን እጅጌ ሊቀደው ይደርሳል፤ ከጂም የማይጠፋ ሰው ነው። ከቦርሳው ትንሽዬ ሚዛን ሳያወጣ አይበላም። ሩዙን ይመዝናል፣ የዶሮ ሥጋውን ይመዝናል፣ ከዚያ ስልኩ ላይ የቀኑን ፕሮቲንና ካርቦሃይድሬት ይደምራል። ሲስቅ አይቼው አላውቅም። መቼም ሳቅ ስንት ግራም እንደሆነ የነገረው የለም።

ትናንት እናቱን ይዞ መጣና ጥብስ አዘዘላቸው። እናትየው ገና ሳይቀምሱ ወፈር ያለ ጉርሻ ጠቅልለው ወደ አፉ ዘረጉ። እሱ በእጁ ተቀብሎ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠው።

«ምን እያደረግክ ነው?» አሉት።

«ልኩን ልየው እማዬ፤ የዛሬው ቅባት ሞልቶብኛል።»

ዓይናቸው ቁጥሩ ላይ ቀረ። «ሕፃን ሆነህ ጤና ጣቢያ ሚዛን ላይ ባስቀመጥኩህ ቁጥር ‹አነሰ› ይሉኝ ነበር። እያጎረስኩ ነው ያተረፍኩህ።» ወደ ሚዛኑ እየጠቆሙ ጠየቁት፤ «አሁንስ ምን ይላል?»

«በዛ» አላቸው፣ ቀና ሳይል።

እናትየው ጉርሻውን ከሚዛኑ ላይ አንስተው ራሳቸው ጎረሱት። እሱ ሚዛኑን በሶፍት ጠረገ።