ክር የበላት ወይራ

ማንበብ የማልችለውን ወረቀት ይዘሃል ብለው አንድ ዓመት ከሁለት ወር አሰሩኝ። ክስ አልነበረም፤ ፍርድም አልነበረም። ሽሮ ሜዳ ካለው ሽመና ቤቴ አንድ ደንበኛ "ነገ እወስደዋለሁ" ብሎ ጥቅል ትቶ ሄደ። እሱ አልመጣም፤ እነሱ መጡ። ጥቅሉን ሲፈቱት ወረቀት ነው። "ምን ይላል?" አሉኝ። "እናንተ ንገሩኝ፤ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም" አልኩ። በጥፊ መለሱልኝ። ይህ በሐምሌ 1969 ነው። ይቅርታ የጠየቀኝ የለም፤ አሁንም አልጠብቅም።

የታሰርኩት እዚያው ጉለሌ፣ ከሰው ተወርሶ ቀበሌ በሆነ ቪላ ውስጥ ነው። ቤቱ ቢሮ፣ ጋራዡ እስር ቤት ሆኗል። ለአንድ መኪና በተሠራ ጋራዥ ሃያ ስድስት ሰው ታጉረናል። ወለሉ የመኪና ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል፤ የተኛህበት ጎን ከነልብስህ ይሸታል። መስኮት የለም። ብርሃንም አየርም የሚገባው በቆርቆሮው በር ስንጥቅ ነው። ስንጥቁ አጠገብ የሚቀመጠው በተራ ሲሆን፣ ተራ የማይጠብቁ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ።

"እሳቸው ለምን?" አልኩ በገባሁ ዕለት።

"ጋራዡ የሳቸው ነዋ" አለኝ አጠገቤ ያለው።

የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። እውነቱን ነው። ቪላው የሳቸው ነው። መሣሪያ ቀብረዋል ብለው ግቢውን ሲቆፍሩ የድንች ማሳ አስመስለውት፣ ምንም ሲያጡ ሰውዬውን አስገቡ። ሚስታቸው ሞታለች። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ጅማ አስተማሪ ናት፤ አባቷ የት እንዳሉ አታውቅም።

በስንጥቁ የሚያዩት በረንዳው ጠርዝ ላይ ያለች ነገር ነበር። ዝርግ የሸክላ ሳህን፣ ሳህኑ ላይ ስንዝር ተኩል የማትሞላ ዛፍ። ቅጠሏ ግማሹ ረግፏል።

"ያቺ ምንድን ናት፣ ጋሼ?"

"ወይራ ናት። በዕድሜ ሳትበልጥህ አትቀርም።"

ከቁስቋም በላይ ከዳገቱ ነው ያመጧት። ፍየል በበቀለች ቁጥር እየጋጣት ሳታድግ ያረጀች ወይራ ናት። ለሥራ ጃፓን ተልከው ሰዎች ዛፍ በሳህን ሲያሳድጉ አይተው፣ ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ገዝተው መጡ። ሳህኑን ቀጨኔ ለአንዲት ሸክላ ሠሪ ሲያዙ፣ "ለየትኛው ውሻዎ ነው?" አለቻቸው።

"ሁለት ገድያለሁ" አሉኝ። "ይህች ሦስተኛዬ ናት። ገና ተማሪ ነኝ።"

እኔ ምላሴን አልይዝም። "ፍየል ስትግጣት ኖረች፤ እርስዎ ደግሞ ከመሬቷ ነቅለው ሳህን ላይ ጎለቷት። ምን በድላዎት ነው?" አልኩ።

ዓይናቸውን ከስንጥቁ ሳያነሱ፣ "እዚህ ከገባሁ ወዲህ እኔም አስቤዋለሁ" አሉ። "ግን ሥሯን ቆርጬዋለሁ። አሁን ሰው ካላጠጣት አትኖርም።"

በነሐሴ ግቢ እንድጠርግ ተመረጥኩ። በቀን አንድ ሰዓት ፀሐይ ማለት ነው። ከፀሐዩ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው፦ ሚስቴ ስንቅ ይዛ በር ላይ ስትቆም አያታለሁ። መነጋገር የለም። እሷ ትቆማለች፣ እኔ እጠርጋለሁ። ጋራዡ በሙሉ ቀናብኝ።

ሽማግሌው "ስታልፍ ትንሽ ውሃ" ብለው ለመኑኝ። "በእርስዎ ቅጠል ምክንያት መጥረጊያዬን አላጣም" አልኳቸው። በማግስቱ በረንዳውን ስጠርግ ሳህኑ ውስጥ ሰባት የሲጋራ ቁራጭ ተተክሎ አየሁ። ተናደድኩ። ለዛፏ አይደለም። ሳህኑ የሰው እጅ ሥራ ነው፤ በእጅ ሥራ ላይ ሲጋራ ሲጠፋ አልወድም። ለቅሜ ጣልኩና ከባልዲዬ አጠጣኋት።

በዚያው ቀጠልን። እሳቸው ከስንጥቁ ሆነው ያያሉ፣ እኔ ስመለስ ይነግሩኛል። ከሥሯ የሚወጣውን ቀንበጥ በጥፍርህ ቁረጥ፤ ጫፍ ላይ ሁለት ቅጠል ተው። ሦስቱ ቅርንጫፎች ሽቅብ ሄደዋል፤ ወደ ጎን መጎንበስ አለባቸው። ለዚህ ሽቦ ያስፈልጋል አሉ። ሽቦ ከየት ይመጣል? ቀበቶና የጫማ ክራችንን እንኳ ወስደውብናል። እኔ ከጋቢዬ ጠርዝ ክር መዘዝኩ፣ አራት አጥፌ ገመድኩት። በክር ነገር ማንም አያስተምረኝም።

"አላላው" አሉኝ። "በሦስት ወር ደግሞ መፈታት አለበት። ካልተፈታ ቅርንጫፉ ሲወፍር ክሩ ይበላዋል።"

"እፈታዋለሁ" አልኩ። ሰው እስር ቤት ሆኖም ቃል ይገባል።

በመስከረም ጠፈርኳት። በጥቅምት ለመለመች። መዘዙ መልማቷ ነው። ስትደርቅ ዞር ብሎ ያላያት የጥበቃው ኃላፊ ስትለመልም አያት። በረንዳው ደግሞ ፊቱ ወደ መንገድ ነው። ኅዳር ላይ አስጠራኝ።

"ይህ ክር ለማን ምልክት ነው?"

"ቅርንጫፍ ማጎንበሻ ነው፣ ጓድ።"

"ሦስት ክር። ሦስት ሰው ነው? ሦስት ሰዓት ነው?"

"ሦስት ቅርንጫፍ ነው።"

"ቁጢት በጣሽ ከመቼ ወዲህ ነው አትክልተኛ የሆነው? ማን አስተማረህ?"

"ሸማኔ ነኝ። ክር ካገኘሁ እጄ አያርፍም።"

ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሽማግሌው ነው አይደል? እሱ ነው በል፤ ነገ መጥረጊያህን ይዘህ ትወጣለህ። ሚስትህንም ታነጋግራታለህ።"

ብቻዬን ነው የሠራሁት አልኩ። ጀግና ሆኜ አይደለም። የማላውቀው ነገር ተለጥፎብኝ የገባሁ ሰው ነኝ፤ በሌላ ላይ መለጠፉ አስጠላኝ፣ በቃ። ውስጥ እግሬን ገረፉኝ። አሥራ አምስት ቀን በጉልበቴ ሄድኩ። መጥረጊያው ለሌላ ተሰጠ።

ክሩን ግን አልፈቱትም። ማስረጃ ነው ተባለ። ማንም እንዳይነካው ታዘዘ። ማስረጃው እንዳይደርቅም አንድ ጥበቃ በየጠዋቱ ውሃ እንዲያጠጣ ታዘዘ። እኔ በልመና ያጠጣኋትን ዛፍ መንግሥት ያጠጣት ጀመር። እሷም ወፈረች።

በታኅሣሥ መጨረሻ ክሩ ልጧ ውስጥ ገባ። ከክሩ በላይና በታች ያለው ሥጋዋ ያብጣል፤ ያበጠ ጣት ላይ የቀረ ቀለበት በለው። በስንጥቁ እናያለን። አሥር እርምጃ አይሞላም። የገመድኩት እኔ ነኝ፣ ያጠበቅኩት እኔ ነኝ፣ መፍታት ግን አልችልም። ስንጥቁ አጠገብ ተራዬ ሲደርስ ለሌላ ሰው መስጠት ጀመርኩ።

"ንገራቸው" አሉኝ ሽማግሌው አንድ ቀን።

"ምኑን?"

"እኔ እንዳስተማርኩህ። መጥረጊያህ ይመለስልሃል።"

"ለዛፍ ብለው ሊሞቱ ነው?"

"ለዛፍ አይደለም። ሚስትህ በሩ ላይ እየቆመች ነው። እኔ በስንጥቁ አያታለሁ፤ አንተ አታያትም።"

እውነቱን ልናገር፤ አሰብኩት። ሁለት ቀን ሙሉ አሰብኩት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የሚካኤል ታቦት ከጥምቀተ ባሕር ሲመለስ እልልታው ጋራዡ ድረስ ይሰማ ነበር። ቆመናል፤ አንዳንዱ ያማትባል። በሩ ተከፈተና ስማቸው ተጠራ። "ዕቃህን ይዘህ ውጣ።" ይህ ቃል ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ብርድ ልብሳቸውን ለሚበርደው ትተው ኮታቸውን ብቻ ለበሱ። በሩ ሲዘጋ ስንጥቁ ላይ ተለጠፍኩ፤ የከለከለኝ የለም።

ላንድሮቨር ቆሟል። ሁለት ጥበቃ ይዘዋቸው ሲያልፉ ሽማግሌው በረንዳው ጋ ቆሙ።

"አንድ ጊዜ" አሉ፣ ቁልፍ እንደረሳ ሰው።

"አይነካም። ማስረጃ ነው።"

"ማስረጃው እኔ ነኝ። ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ጻፉት።"

ጥበቃዎቹ ተያዩ። ሽማግሌው ጎንበስ አሉ። መነጽራቸው ከተወሰደ ቆይቷል፤ ቋጠሮው አይታያቸውም። በጣታቸው እየዳበሱ በጥርሳቸው በጠሱት። አንድ። ሁለት። ሦስት። አልተቻኮሉም። የበጠሱትን ክር አንድ በአንድ ከልጧ ውስጥ መዘው አወጡ። ከዚያ ሳህኑን ግማሽ ዙር አዞሩት፤ ፀሐይ ያላገኘው ጎኗ ፀሐይ እንዲያገኝ ነው። ጥበቃው ክንዳቸውን ሊይዝ እጁን ሲዘረጋ ቀደሙትና ራሳቸው መኪናው ላይ ወጡ።

በማግስቱ መጥረጊያዬን መለሱልኝ። አልጠየቅኩም። ሚስቴ በሩ ላይ ስታየኝ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። የሳቸው ቃል የገዛልኝ ፀሐይ ነው፤ ቀና ብዬ አልሞቅኩትም።

ክረምት ላይ ቢሮው ሲቀባ ቀቢዎቹ ሳህኑን ለቀለም መበጥበጫ ወሰዱት። ወይራዋን ከጋራዡ ኋላ መሬት ላይ ተከልኳት። በመስከረም ተፈታሁ። ትጽደቅ አትጽደቅ አላየሁም። በኋላ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ያስቆጠረኝ ያው ቀበሌ ነው። አመሰግናለሁ አልልም።

ደርግ ከወደቀ በኋላ አንዲት ሴት ሽመና ቤቴ መጣች። የሽማግሌው ልጅ ናት። ጋራዡ ውስጥ የነበረውን ሰው ሁሉ እያፈላለገች ነበር።

"ቀኑን የሚያውቅ አጣሁ" አለችኝ። "አንዱ ታኅሣሥ ይላል፣ አንዱ የካቲት። ለተዝካር ቄሱ ቀን አምጪ አሉኝ። እርስዎ ያስታውሳሉ፣ ጋሼ?"

"የሞቱበትን አላውቅም። የወሰዷቸውን ቀን ነው የማውቀው።"

"እሱ ይበቃኛል።"

ስለ ክሩም ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ፣ "በጥርሱ?" አለች ብቻ።

አሁን ዓይኔ ደክሟል፤ ጋቢ እሠራለሁ፣ ቀጭን ጥለት ግን ትቻለሁ። ክር ስቋጥር እጄ ሳያስበው ያላላዋል። ደንበኞች ያማርራሉ፤ ያማርሩ።

ያን ዕለት የሽማግሌው ልጅ ከቦርሳዋ ደብተር አውጥታ እስክሪብቶ ሰጠችኝ። እጄ ለጽሕፈት ዘገምተኛ ነው። ታገሠችኝ። ጻፍኩላት፦

ጥር 12 ቀን 1970 ዓ.ም.