የግራሩ ዝንብና የጨዋዎቹ ደብዳቤ

ወንድሜ የት ይተኛል? ነገሩ ሁሉ ይኸው ነበር፤ ሌላው ጌጥ ነው።

ታናሼ ነው። ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ ሽንፋ አካባቢ ካለ የአንድ ባለሀብት እርሻ ገባ። እኔ መተማ ዮሐንስ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። እኔ ጋ ተቀመጥና ከተማ ውስጥ ሥራ ፈልግ ብለው፣ "እታለም፣ የመጣሁት ልሠራ እንጂ ያንቺን እንጀራ ልጨርስ አይደለም" ብሎኝ ከአገሩ ልጆች ጋር መኪና ላይ ተሰቀለ። በዚህ ግትርነቱ እናቴን ቁርጥ ነው።

እርሻው ላይ ለሳሉጎቹ፣ ለቀን ሠራተኞቹ ማለቴ ነው፣ የተሠራላቸው የመኝታ ዳስ ከግራር ዛፎች ሥር ነበር። ቀን ሲያዩት ጥላው ያስጎመጃል። ሲመሽ ግን ከዋልካው ጥቁር አፈር ንቃቃት የአሸዋ ዝንብ ትወጣለች። ይህች ዝንብ ካላዛር የሚባለውን በሽታ ታስተላልፋለች፤ ጣፊያ ያሳብጣል፣ ሰውነት ይጨርሳል፣ ካልታከሙት ይገድላል። ግራርና ዋልካ ከተገናኙበት ቦታ መተኛት ክፉ መሆኑን ቆላ የኖረ ሁሉ ሰምቶታል። ዳሱን ነቅሎ ሜዳው ላይ መትከል ደግሞ ተራራ መግፋት አይደለም።

ዳሱ የት ይሁን የሚለውን የሚወስነው የእርሻው ባለሙያ ነበር። ዩኒቨርሲቲ አብረን የተማርን ሰው ነው። ያኔም ንግግሩ እንጂ ሥራው አይታይም ነበር፤ ለቡድን ሥራ ሲመደብ መግቢያውን ይጽፍና መጨረሻው ላይ ስሙን ለመጻፍ ይመለሳል። እርሻው ላይ ኔትወርክ ስለሌለ ትራክተር ነጂው ናፍጣ ሊቀዳ ከተማ በመጣ ቁጥር ወረቀት ያመላልስልን ጀመር። ባለሙያው በዚህ ደስታው ወሰን አጣ። ምክንያቱ አንድ መጽሐፍ ነው።

የድሮ እንግሊዝ የተፈጥሮ ሊቃውንት የተጻጻፉትን ደብዳቤ የሰበሰበ መጽሐፍ ነው። ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ አንድ ስብሰባ ላይ ተገናኝተን ከስልኩ ወደ ስልኬ አሻግሮልኛል። "አንብቢው፣ ሳይንስ የሚሠራው እንዲህ በጨዋነት ነው" ነበር ያለኝ። አነበብኩት። ንግሥታቸው ረጅም ዘመን በገዛችበት ጊዜ የነበሩ፣ ጺማቸው ደረታቸው ላይ የተኛ ሰዎች ናቸው። አንዱ ስለ ሆዱ ሕመም ገጽ ሙሉ ይጽፋል። ሌላው የእጅ ጽሑፌ አያምርም ብሎ ይቅርታ ይለምናል። ተመሰጋግነው ሲበቃቸው፣ ከታች ከፊርማው አጠገብ፣ የርግብ አጥንት ላክልኝ፣ የጢንዚዛ ዓይነት ጨምርልኝ ይመጣል። ጢንዚዛውን በረሃ ለበረሃ እየዞረ የሚለቅመው ሌላ ሰው ነው፤ እነሱ እሳት ዳር ተቀምጠዋል። የእኛም አገር የጥንት ደብዳቤ "ከናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ" እያለ ወረቀት ይጨርሳል፣ አልክድም። ግን ሰውን ጢንዚዛ አያስለቅምም።

ከሁሉ ያስጠላኝ አንዱ ታሪክ ነው። ከእነዚህ ጨዋዎች ትልቁ፣ ፍጥረት እንዴት እንደሚለዋወጥ ያሰበውን ሐሳብ ለዓመታት ይዞ ተቀመጠ። ከሩቅ ደሴት አንድ ሰው በንዳድ እየተንቀጠቀጠ ያንኑ ሐሳብ ደረሰበትና በደብዳቤ ላከለት። ትልቁ ሰውዬ ተጨነቀ። ወዳጆቹ ተሰበሰቡና የሁለቱም ጽሑፍ በአንድ ቀን ይነበብ ብለው ፈረዱ። ሽምግልና መሆኑ ነው። ባለ ንዳዱን ግን የጠየቀው የለም፤ ተነብቦ ካለቀ በኋላ ነው ወሬው የደረሰው። ባለሙያችን ይህን ገጽ ሲያነብ እንባው እንደመጣ ነግሮኛል። የእኔም መጥቶ ነበር፣ በሌላ ምክንያት።

እንግዲህ እኔ እንዲህ ብዬ ጻፍኩለት፦ "ዳሱን ከግራሩ አርቀው። ዝንብ አለ። ወንድሜም እዚያ ነው።" መልሱ አራት ገጽ ሆኖ መጣ። "ክብርት ሆይ" ይላል መጀመሪያው። አንድ ሳህን ላይ ሽሮ የተሻማን ሰዎች እኮ ነን፤ ዛሬ "እርስዎ" አለኝ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሆዱን ሰሞኑን እንደሚያመው ገለጸልኝ። ከመጽሐፉ ተጋብቶበት ነው አልኩ። አራተኛው ገጽ ላይ፣ ዝንቧ ከግራሩ ሥር መኖሯን የሚያሳይ ናሙና ብልክለት ታላቅ ውለታ እንደምውልለት ጻፈ። ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ።

እሺ አልኩ። ወረቀት ላይ የሰሊጥ ዘይት ቀብቼ ለወንድሜ ላክሁለት። ዝንቧ አቅመ ቢስ ናት፤ ዘይት ላይ ካረፈች አትነሣም። ወንድሜ ገሚሱን ከግራሩ ሥር፣ ገሚሱን ከሜዳው ላይ ሰቅሎ አሳደረና መለሰልኝ። የሜዳው ወረቀት ባዶ ነው ማለት ይቻላል። የግራሩ ላይ ከትንኝ ያነሱ፣ ጸጉራም፣ ክንፋቸውን ወደ ላይ ያቆሙ ዝንቦች ተለጥፈዋል። ለቅሜ በብልቃጥ አረቄ ውስጥ ጨመርኩና በትራክተር ነጂው እጅ ላክሁ። እሱ ደግሞ መንገድ ላይ አረቄውን ጠጣና ብልቃጡን ውሃ ሞላበት። ዝንቦቹን አጥልሎ ይጠጣ ከነዝንቡ፣ የሚያውቀው ሆዱ ነው። ውሃ ውስጥ የገባው ናሙና ሸተተ። ባለሙያው ሦስት ገጽ አዘነ። በዚያ በድሮው ጊዜም መርከበኞች የናሙና አልኮል ይጠጡ እንደነበር አስታወሰኝና፣ አዲስ ናሙና፣ የዛፎቹን ርቀትና የሌሊቱን ሙቀት ጨምሬ እንድልክ በትሕትና ጠየቀ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ወንድሜ በየማታው እዚያው ነው የሚያድረው። ምንጣፍህን ይዘህ ሜዳ ውጣ ብዬ ላክሁበት። "ሰው ካደረበት ተለይቼ ልደር? ካቦው ጠፋ ይለኛል" ብሎ መለሰልኝ። ትዕግሥቴ እዚህ ላይ አለቀ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "አንተ ደንቆሮ። ሆድህን የሚያምህ የወረቀት ብዛት ነው። ዳሱን አንሣ።" ሰላምታ የለው፣ ፊርማ የለው። እስከ ዛሬ ከጻፍኩት ሁሉ የምወደው እሱን ነው።

ባለሙያው መልስ መጻፉን ትቶ ሽማግሌ ላከብኝ። ሦስት ሆነው ቤቴ መጡ። አንዱ የሰፈሩ ትልቅ ሰው ናቸው። ሁለተኛው ዕድሜያቸውን ገላባትና ገዳሪፍ በንግድ የጨረሱ ናቸው። ሦስተኛው የእርሻው ባለቤት አማት ናቸው። ባለሙያው ከኋላቸው አንገቱን ደፍቶ ገባ፤ የተበዳይ አቀማመጥ መቼም ያውቅበታል።

"ልጄ" አሉኝ ትልቁ፣ "ሰው በጽሑፍ ይሰደባል? በአፍ ቢሆን ነፋስ ይወስደዋል። ምን በደለሽ?"

"ዝንብ ነው፣ አባባ።"

"የምን ዝንብ?"

"የግራሩ ዝንብ። ወንድሜን እየበላችብኝ እሱ ዳሱን አላነሣም አለ።"

እርስ በርስ ተያዩ። ነጋዴው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንዲያው ዝንብ ብቻ ነው ወይስ በመካከላችሁ ሌላ ነገር አለ? ካለ አትፈሪ፣ ለዚያም ሽማግሌ እንሆናችኋለን።"

"እሱን ከማገባስ ዝንቧን ባገባ ይሻለኛል" አልኳቸው። ሳቁ። ነገሩ ቀለል አለ ብለው አሰቡ መሰለኝ፣ እዚያው ፈረዱ። የባለሀብቱ አማት ናቸው የተናገሩት። "እሱ ከግራሩ ሥር ይሁን አለ። እሷ ሜዳው ላይ ይሁን አለች። ሁለቱም የተማሩ ናቸው፣ ማናቸውም ማፈር የለባቸውም። ገሚሱ ሠራተኛ እዚያ ይደር፣ ገሚሱ እዚህ። እኔ ለልጄ ባል እነግረዋለሁ።"

"ኸላስ" አሉ ነጋዴው፣ አለቀ ማለታቸው ነው።

የድንበር ጠብ መሐል ለመሐል ይቆረጣል። ዝንብ ግን ሽማግሌ አትሰማም፤ ይህን ብናገር ሰሚ አላገኘሁም። ይቅር ለእግዚአብሔር ተባብለን ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን፤ ድንጋይ ተሸክመሽ ይቅርታ ጠይቂ አለመባሌም ውለታ ሆኖ ተቆጠረብኝ። ሲወጡ ባለሙያው ጠጋ ብሎ "ልክ እንደነዚያ ሊቃውንት ታረቅን" አለኝ በሹክሹክታ። ከሚተኙት ሰዎች አንድም የተጠየቀ አልነበረም። ካቦው የወሎዎቹን ሜዳ ላይ፣ የጎጃሞቹን ከግራሩ ሥር አደረገ። ወንድሜ ጎጃሜ ነው።

አጨዳው አልቆ ወንድሜ እኔ ጋ መጣና ከተማ ውስጥ ጭነት መሸከም ጀመረ። ከጥቂት ወራት በኋላ ትኩሳት ያዘው። ወባ ነው ተባለ፣ የወባ መድኃኒት ዋጠ፣ አልለቀቀውም። ፊቱ ጠቆረ። ቀበቶው አዲስ ቀዳዳ ተበጀለት፣ ሆዱ ግን ገፋ። ከግራ ጎድኑ ሥር እጄን ሳሳርፍ ድንጋይ ነገር ገጠመኝ። አስተማሪ ስለሆንኩ ምን እንደነካሁ አውቄዋለሁ፤ ባላውቅ እመርጥ ነበር። ሆስፒታል ወስጄው ካላዛር መሆኑ ተረጋገጠ። በየቀኑ የሚወጋውን መርፌ ጥርሱን ነክሶ ይቀበላል፤ እኔ ደግሞ ለእናቴ ምን እላታለሁ እያልኩ እሞታለሁ። አሁን ድኗል፣ ተመስገን።

ዘንድሮ ዳሱ በሙሉ ከግራሩ ርቆ ነው የተሠራው። ሽማግሌዎቹ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ እርቃችሁ ሠመረ እያሉ ይመርቁኛል። አሜን እላለሁ፤ ትልቅ ሰው አይቃወሙም። ባለሙያው ዳሱን ያነሣበት እውነተኛ ምክንያት ግን ሌላ ነው።

ወንድሜ ከሆስፒታል ወጥቶ እኔ ቤት ተኝቶ ሳለ ከባለሙያው ደብዳቤ መጣ። ሐዘኑን በአንድ ገጽ ገልጾ፣ ለእውቀት ሲባል ትኩሳቱ መቼ እንደጀመረ፣ ሆዱ በየትኛው ሳምንት እንዳበጠ፣ ደግሞም ከዚያ በፊት ሌላ ቦታ ተኝቶ እንደሆነ ዘርዝሬ ብጽፍለት ባለ ውለታዬ እንደሚሆን ይገልጻል። ሁለት ቃል መለስኩለት፦ "መጥተህ ዳብሰው።"

መጣ። ብርቱካን ይዞ መጣ። ወንድሜ ሊነሣለት ሞከረ፣ ከለከልኩት። "እንደምን ሰነበቱ" አለው ወንድሜ፤ በደንብ ነው ያሳደግነው። ሸሚዙን ገለጠና የባለሙያውን እጅ ይዞ ከግራ ጎድኑ ሥር፣ እብጠቱ ገና ካልጎደለው ጣፊያው ላይ አሳረፈው። ሰውየው እጁን ማንሣት አቃተው።

"እርስዎ እርሻው ላይ የት ነው የሚያድሩት?" ብሎ ጠየቀው ወንድሜ።

"ከመጋዘኑ አጠገብ፣ ከብሎኬቱ ቤት። አጎበር አለኝ።"

"ከግራሩ ሥር አድረው ያውቃሉ?"

"የለም።"

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። "አንቺስ፣ እታለም?"

"እኔም አላደርኩም" አልኩት።

ሸሚዙን ወደ ታች መለሰ። "እና ያን ሁሉ ወረቀት ምን ብላችሁ ነው የተጻጻፋችሁት?" አለ። ሊሰድበን አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጎ ነው የጠየቀን።