የእህቴን ድምፅ ያጠፋሁት እኔ ነኝ

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ሚስቴም አታውቅም። አሁን ለአንተ የምናገረው ስለማምንህ አይደለም፤ ስለማታውቀኝ ነው። አስቀድሜ ግን ልንገርህ፤ እንዳታዝንልኝ። ሐዘንህን አልፈልገውም።

እህቴ ትርሲት በሰባት ዓመት ታንሰኛለች። ሁለታችንም እዚሁ ጅቡቲ፣ ካርቲየ 5 በሚባለው ሰፈር ተወለድን፤ አያታችን በባቡር ሥራ መጥቶ የቀረ ሰው ነበር። በየሠርጉ በሚጫወት አንድ ትንሽ ባንድ ውስጥ ዘፋኙ እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ጉንፋን ያዘኝና ትርሲት በእኔ ቦታ ዘፈነች። በቃ። ከዚያ ወዲህ ማይኩን የመለሰልኝ የለም። የባንዱ መሪ ጋሽ ተስፋዬ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ ከጉሮሮዬ ጆሮዬ እንደሚሻል ነገረኝና ድምፅ ማስተካከያው ሚክሰር ላይ አስቀመጠኝ። ሳቅሁ። እሺ አልኩ። ያቺን ሳቄን ዛሬም እጠላታለሁ።

ሁለት ዓመት ሙሉ የእሷን ድምፅ ሳሳምር ኖርኩ። ሚክሰሩ ላይ የእሷ ማይክ መስመር ሦስተኛው ነበር። ከሁሉ በላይ ያለችው ማዞሪያ ጌን ትባላለች፤ ከማይኩ የሚመጣው ድምፅ በምን ያህል ጉልበት እንደሚገባ የምትወስነው እሷ ናት። ከሥሯ ቀጭኑን፣ መሃሉንና ወፍራሙን ድምፅ የሚቆጣጠሩ ሦስት ማዞሪያዎች አሉ። ቀጥሎ ሞኒተሩን፣ ማለትም ዘፋኙ ራሱን የሚሰማበትን እግሩ ሥር ያለ ስፒከር፣ የምታዝዘው አለች። መጨረሻ ላይ ወደ ሰው የሚወጣውን ድምፅ ከፍ ዝቅ ለማድረግ ወደ ላይና ወደ ታች የሚገፋው ፌደር። ይኸው ነው። አንድ ሰው በሌላው ላይ ይህን ያህል ሥልጣን ሊሰጠው ይገባል?

ከዚያ ካርቲየ 6 ውስጥ አንድ የድሬዳዋ ነጋዴ ልጁን ሲድር እኛን ጠራን። ጠዋት ዕቃ ስናወርድ ጋሽ ተስፋዬ የአንድ ሆቴል ኃላፊ ትርሲትን ሊሰማ እንደሚመጣ፣ ከወደዳትም የአንድ ዓመት ውል ሊያስፈርማት እንዳሰበ ነገረን። ትርሲት እጄን ያዘች።

"ጋሼ፣ ዛሬ አደራህን።"

አደራ ነበር ያለችኝ። እኔም አደራውን ተቀበልኩ።

የመጀመሪያውን ዘፈን ሆን ብዬ አሳምሬ አወጣሁት፤ ማንም መሣሪያውን እንዳይጠረጥር። ሁለተኛው ሲጀመር፣ ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ በሙቀት ሲግል፣ የሆቴሉ ሰውዬ መጥቶ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ያን ጊዜ እኔ፣ በእነዚህ ጣቶቼ፣ ጌኗን፣ ድምፁ ከልክ ሲያልፍ የምትበራዋ ቀይ መብራት ብልጭ እስክትል አዞርኳት። ድምፁ እንዳይጮህ ፌደሩን ዝቅ አደረግሁት። ስለዚህ ጩኸት አልወጣም፤ የወጣው ሻካራነት ብቻ ነው። መሃሉን ጨመርኩ፣ በአፍንጫዋ የምትዘፍን መሰለች። ሞኒተሯን ዘጋሁባት። ራሷን መስማት ሲያቅታት ከቃናው ወጣች፤ ለመስማት ስትል ጮኸች፤ ስትጮህ ባሰባት። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጋሽ ተስፋዬ ከኪቦርዱ ላይ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ በጣቴ ጉሮሮዬን ነካሁ፤ ከእሷ ነው ማለቴ ነበር። ሰውዬው ዘፈኑ ሳያልቅ ተነስቶ ሄደ።

ተናድጄ ነበር ልበል? አልተናደድኩም።

ይህ ሁሉ ግን ገና ሊመለስ ይችል ነበር። ከድንኳኑ ኋላ የለስላሳ መጠጥ ሣጥን ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። አላለቀሰችም።

"ጋሼ፣ አንተ አትዋሸኝም። መሣሪያው ነው ወይስ እኔ ነኝ?"

"አንቺ ነሽ" አልኳት። "ድምፅሽ አልቋል።"

ማዞሪያው ያበላሸው አንድ ዘፈን ነው። አፌ ግን እሷን ራሷን አጠፋ። ትርሲት ከዚያ በኋላ ለልደት እንኳ አልዘፈነችም። ማይኩ ወደ እኔ ተመለሰ፤ ስድስት ወር ዘፈንኩበት፤ ከዚያ የሚጠራን ጠፋና ባንዱ ፈረሰ።

አሁን፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ትርሲት ከተማው ዳር ባለው ዋራበሌ ሰፈር ትኖራለች፤ ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ባለፈው ወር አንድ ዓርብ ልጠይቃት ሄድኩ። በሩ ጋ ስደርስ ከግቢው ውስጥ ዘፈን ሰማሁ። ልጇ ሩት ልብስ እያሰጣች ነበር የምትዘፍነው። ቆሜ ቀረሁ። ይህ ጆሮዬ ድምፅ ያውቃል፤ ልጅቷ ከእናቷም ትበልጣለች። ወዲያው ትርሲት ከውስጥ ዝም በይ አለቻት፤ ዝም አለች።

ገብቼ ስቀመጥ ትርሲት ቀዝቃዛ ውሃ ሰጠችኝና ነገሩን አጫወተችኝ። ሩት በትምህርት ቤት እንድትዘፍን አስተማሪዎቿ ለምነው ነበር፤ ትርሲት ግን ድምፅዋ የእኔው ነው ብላ ከልክላታለች።

"አንተ ያኔ እውነቱን ባትነግረኝ ሰው ፊት ስዋረድ እኖር ነበር። እኔም ለልጄ እንዳንተ ልሁንላት ብዬ ነው" አለችኝ።

ልናገር አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ውሃውን ጠጣሁ። ታውቃለህ በዚያች ሰዓት ምን እንደተሰማኝ? ጠላኋት። ስላመሰገነችኝ ጠላኋት። ያን ጊዜም በእሷ ድምፅ ቅናት፣ አሁንም በልጇ ድምፅ ቅናት። ሌላ ስም የለውም።

ወጣት ነበርኩ አልልም፤ ሠላሳ ዓመቴ ነበር። ሰይጣን አሳሳተኝም አልልም፤ ማዞሪያው ላይ የነበረው እጅ የእኔ ነው። ከአንተም ይቅርታ አልለምንም፤ የበደልኩት አንተን አይደለም፤ ይቅር የማለትም መብት የለህም። እህቴ ቤት ለመድረስ በአውቶቡስ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። አንድ ቃል ብናገር ልጅቷ ትዘፍናለች። አልተናገርኩም።