ከእግሬ ሥር የወረደው ፍሬን

የልጅ ልጄ ሁዜይፋ ቁልቁለት የሚፈራ ልጅ ነበር። ወደ ወንዙ ስንወርድ ሌሎቹ ልጆች እየሮጡ ይቀድሙናል፤ እሱ ነጠላዬን ጨብጦ፣ ድንጋዩ ይነቃነቅ እንደሆነ በእግሩ እየሞከረ ይወርዳል። እናቱ አረብ አገር ከሄደች ወዲህ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። አድጎ ሾፌር እሆናለሁ ሲለኝ ሳቅሁበት።

«ቁልቁለት የሚፈራ ሾፌር የት ታየ?»

«የማይፈራውማ ሞልቷል፣ እምዬ» አለኝ።

መካነ ሰላም መናኸሪያ ውስጥ «ቀስ በል» እያሉ ይጠሩታል። የቸኮለ ሰው በሌላ ሚኒባስ ይሄዳል፤ አራስ ወይም ሽማግሌ ያጀበ የሱን ተራ ይጠብቃል። መኪናው ግን የራሱ አይደለም፣ የሐጅ አብዱሰላም ነው።

ክረምቱ እንደወጣ፣ እራት ቀርቦ ሳለ ሁዜይፋ ቀኝ እግሩን መሬቱ ላይ ሲጫን አየሁት። ይጫናል፣ ይለቃል፣ ደግሞ ይጫናል።

«ምን ሆነሃል?»

«ፍሬኑ ለስልሶብኛል። ስረግጠው እንደ ጭቃ ይሰምጣል። የሚይዘው ደጋግሜ ስረግጠው ነው።»

በማግሥቱ ጠዋት በሶ ቋጥሬለት፣ መኪናውን ወደወሰደበት ወደ ገበየሁ ጋራዥ ሄድሁ። ገበየሁ መካኒክ ነው፤ ከመናኸሪያው ጀርባ ይሠራል። ስደርስ ጎማዎቹን ሁሉ ፈትቶ አይቷል። የሚያንጠባጥብ ነገር የለም፣ የፍሬኑ ሸራም ደህና ነው።

«አየር ገብቶበት ይሆናል» አለ።

አየሩን ለማስወጣት አንድ ሰው ፔዳሉን ረግጦ መያዝ አለበት። ገበየሁ ጎማው ሥር ተኝቶ ብሎን ይከፍታል፣ ሁዜይፋ የፍሬን ዘይት ይጨምራል፤ ረዳቱ ደግሞ ተሳፋሪ ሊጠራ ሄዷል። ገበየሁ ወደ እኔ ዞረ።

«እማማ፣ ዛሬ እርስዎ ሾፌር ይሁኑልን።»

«በዚህ እድሜዬ?»

«ግድ የለም፣ መንጃ ፈቃድ አልጠይቅዎትም።»

ጫማዬን አውልቄ ሾፌሩ ወንበር ላይ ወጣሁ። «ይርገጡ» ሲል እረግጣለሁ። «ይያዙ» ሲል እይዛለሁ። ብሎኑ ሲከፈት ፔዳሉ ይሰምጣል፣ ሲዘጋ እንደገና እጀምራለሁ። እንዲህ ስንል ቆይተን ፔዳሉ ጠነከረ፤ ገበየሁም ደስ ብሎት እጁን እየጠረገ ተነሳ። እኔ ግን «ይልቀቁ» ያለኝ ስለሌለ ረግጬ እንደያዝሁ ነኝ። ብሎኖቹ ሁሉ እንደተዘጉ፣ ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ቀስ እያለ ወረደ። እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን አንገት እንደሚወርድ፣ እንደዚያ።

«ይወርዳል» አልሁ።

ሁዜይፋ ገብቶ ረገጠው፣ ያዘው፣ ፊቱ ተለወጠ። ገበየሁም ራሱ ሞከረው። ኋላ ነገሩን አስረዳን። ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋ ዕቃ አለ፣ ማስተር ይሉታል። የሱ ላስቲክ ውስጥ ለውስጥ አልቋል። ዘይቱ ወደ ውጭ ሳይፈስ እዚያው ወደ ኋላ ስለሚያመልጥ ከውጭ የሚታይ ነገር የለም።

«ዕቃው እዚህ አይገኝም። ከደሴ መምጣት አለበት፤ የተዘጋው መንገድ ሲከፈት፣ ኢንሻአላህ» አለ።

ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። ወደ ወግዲ የሚሄዱት ተሳፋሪዎች መናኸሪያው ላይ ተኮልኩለዋል። ሁዜይፋ መኪናውን በኤሊ እርምጃ እዚያ አድርሶ ለሐጅ አብዱሰላም ሊነግር ወረደ። እሱ ነግሮ ሳይጨርስ ሰዉ ተሳፈረ።

«ደጋግመህ ርገጠው፣ በከባድ ማርሽ ውረድ» አሉት ሐጂ። «ስንቱ እንዲህ እየነዳ ያድራል።»

እኛ አገር መኪና ሽማግሌ ወይም ባልቴት ሳይመርቀው አይንቀሳቀስም። ረዳቱ እኔን ሲያይ «እማማ፣ ዱዓ ያድርጉልን» አለ። ሰዉ ሁሉ እጁን ዘረጋ። እኔም ዘረጋሁ።

«አላህ ይህን መኪና እዚሁ ያቁመው። እናንተን በእግራችሁ ወደ ቤታችሁ ያግባችሁ።»

አሚን የሚል ጠፋ። አንድ የሽንኩርት ጆንያ ያቀፈ ሰው አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«እናቴ፣ ይህ ምርቃት ነው እርግማን?»

«ምርቃት ነው፣ ልጄ። ፍሬኑ አይይዝም።»

«ወግዲ ድረስ በእግር? ይህን ጆንያ ተሸክሜ?»

ሳቁ። ግን እየሳቁም ቢሆን ወረዱ። ደስ አለኝ፤ የገባቸው መስሎኝ ነበር። ሁዜይፋ ቁልፉን ለሐጂ ሰጥቶ «እኔ አልነዳም» አለ።

ሐጂ አልተቆጡም። አድማሴ የሚባል ሌላ ሾፌር አስጠሩ፤ ከመስጊዱ በር ደግሞ አንድ ሌላ ሽማግሌ አመጡ። ሽማግሌው አሳምረው መረቁ፣ ሰዉም በአንድ ድምፅ አሚን ብሎ ተመልሶ ገባ። ለካ የወረዱት ዱዓው ስለተበላሸ ነው። ስለ ፍሬኑ አንድ ሰው እንኳ አልጠየቀም። ሁዜይፋ በየመስኮቱ እየዞረ ነገራቸው። ገበየሁም ነገራቸው። «ተመርቀናል እኮ» አለ ባለ ሽንኩርቱ።

መኪናው ታጥፎ ከዓይናችን ሲሰወር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። የወግዲው ቁልቁለት ላይ ይደርሳል ባልነው ሰዓት የሁዜይፋን እግር አየሁ፤ መሬቱን ይጫናል። የኔም ይጫናል።

አድማሴ በሰላም ደርሶ በሰላም ተመለሰ።

«ሁለት ሦስቴ ስረግጠው ይይዛል፤ ምን ሆናችሁ ነው?» አለን።

ሰዉ ሽማግሌውን አመሰገነ። ከደሴ ይመጣል የተባለውን ዕቃ ከዚያ ወዲህ ያነሳው የለም። ሁዜይፋ አሁን ገበየሁ ዘንድ ብሎን ይፈታል። «ቀስ በል» ማለቱን ትተው «ፈሪው» ይሉታል፤ እሱም ሰምቶ እንዳልሰማ ይሆናል። መኪናው ይሄዳል፣ ይመጣል።

እኔ በየጠዋቱ መናኸሪያ እሄዳለሁ። አሮጊቷ ተጸጸተች ብለው ደስ ብሏቸዋል፤ «ይመርቁን» ይሉኛል፣ እመርቃለሁ። ልጆቻቸውን፣ ከብቶቻቸውን፣ አዝመራቸውን፣ የሞቱባቸውን፣ ያልተወለዱትን ሁሉ አነሳለሁ። አድማሴ ሞተሩን እያስጓራ «ይበቃል፣ እማማ» ይለኛል። እቀጥላለሁ። ዱዓው አልቆ እጃቸውን ፊታቸው ላይ እስኪያብሱ ድረስ መኪናው ቆሞ ይቆያል።